ስም ያልዞረበት ቤት፤ ቤት ሲገዛ የሚከፈለው ቀረጥ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ለዓመቱ መጽሔታችን አንድ ነገር እንድጽፍ የእድሩ ሊቀ መንበር በጠየቁኝ ጊዜ፣ «እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ብቻ ያለኝ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ምን እጽፋለሁ?» ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን «ያው የምታውቀውን ጻፍ፤ የወረቀት ነገር ያንተ ሥራ አይደል እንዴ?» አሉኝ። እውነትም ዕድሜዬን የጨረስኩት ከወረቀት ጋር ነውና ስለ ወረቀት እጽፋለሁ። ይኸውም ቤት ሲገዛና ሲሸጥ ስለሚከፈለው ቀረጥ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን አንዱ አረፈና ቀበርን፤ ድንኳኑም በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ባለቤቲቱ እኔን ወደ ጓዳ ጠርተው ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ጋሼ፣ እርስዎ ጸሐፊ ነዎትና እስቲ ይዩልኝ፤ ይሄ የቤታችን ነው አሉኝ» አሉኝ። አየሁት። ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት የመንደር ውል ነው። ቴምብር የለበትም፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም የለበትም፣ የመዝገብ ቁጥር የለበትም። ካርታው እስከ ዛሬ በሻጩ ስም ነው። ሻጩም ከሞቱ ቆይተዋል። ሴትዮዋ «ታዲያ ቤቱ የማነው?» ቢሉኝ ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም።

እድራችን ለሟች ቤተሰብ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ቤቱ ግን በእጃቸው ካልቀረ የኛ ድንኳን የሦስት ቀን ጥላ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ይህ ቀረጥ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምረን እንየው።

በመጀመሪያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደባልቃቸውን ሦስት ነገሮች እንለይ። አንደኛው በየዓመቱ የሚከፈለው የቦታና የቤት ግብር ነው፤ ይህን ባለቤት የሆነ ሁሉ ይከፍላል። ሁለተኛው ሻጭ ቤቱን ሸጦ ካተረፈው ላይ የሚከፍለው ነው። ሦስተኛው ቤቱ ከሻጭ ስም ወደ ገዢ ስም ሲዞር የሚከፈለው ነው። በከተማው ቋንቋ «ቴምብርና አሹራ» የሚባለው ይኸው ሦስተኛው ነው። ዋናው ነገራችን ስለዚህ ነው፤ ሌሎቹ ግን ታሪካቸው ከሱ ጋር የተጠላለፈ ስለሆነ በየመንገዳችን እናገኛቸዋለን።

በካፋ ታቶዎች ዘመን ቤት ገዝቶ ስም ማዞር የሚባል ነገር አልነበረም። መሬት የንጉሡና የጎሳ እንጂ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም ብለው አባቶች ነግረውናል። ቤቱም የእንጨትና የሣር ነው፤ ሰው ሲዛወር ይተወዋል፣ በሄደበትም ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሌላ ይሠራለታል። ነጋዴ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዞ በቦንጋ በኩል ያልፍ ነበርና ቀረጥ የሚያውቀው እሱ ነው፤ በኬላ በር ላይ ይጠየቃል። ለቤት ግን ኬላ አልነበረውም።

በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ጦር ተያዙና የካፋ መንግሥት አበቃ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የገባር ሥርዓት ገባ፤ ገበሬው ለተመደበበት ባለሥልጣንና ወታደር መገበርና ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ፣ ተሰደደም። መሬት በጋሻ መቆጠር ጀመረ። አንድ ነገር የሚቆጠርና የሚጻፍ ሲሆን ደግሞ መሸጥም መለወጥም ይከተላል። በአዲስ አበባም አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ በከተማው ውስጥ ቦታ በግል መያዝ፣ መሸጥና መግዛት ተፈቀደ። የከተማ ቦታ በወረቀት የሚታወቅ ሀብት መሆን የጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ካፋንም ጨምሮ በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች ለተለካ መሬት ግብሩን በገንዘብ ወሰነው። ከነአሥራቱ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ልብ በሉ። ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኝ ይቀበላል፤ በደረሰኙ ላይ ስሙ ይጻፋል። ክርክር በተነሣ ጊዜም «ማን ገበረ?» ይባላል። ስለዚህ አባቶቻችን ግብር ሲከፍሉ ያማርሩ የነበረ ቢሆንም ደረሰኙን ግን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው ከጣሪያ ሥር ይሰቅሉት ነበር። እኔ ራሴ በልጅነቴ ጢስ ያጠቆረው ደረሰኝ ሲወርድ አይቻለሁ። ግብሩ ከኪስ ይወጣል፤ ስሙ ግን በወረቀት ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ቴምብር እንምጣ። ቴምብር ከፈረንጅ የመጣ ነው። በሰነድ ላይ ቀረጥ መጣል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1624 ሆላንዶች ናቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1694 ከፈረንሣይ ጋር ለነበረባቸው ጦርነት ገንዘብ ሲቸግራቸው ይህንኑ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1765 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በነበሩ ቅኝ ግዛቶቻቸው ላይ ቢጥሉት ሕዝቡ «ሳንጠየቅ አንከፍልም» ብሎ ተነሣ። ያ ቁጣ ለአሜሪካ ነጻነት ጦርነት ከጠሩት ነገሮች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ቴምብርን የጠላ ሰው እኛ አገር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ መንግሥታት ሁሉ ያልተዉት ለምንድነው? ሰው ሰነዱ በሕግ ፊት እንዲጸናለት ስለሚፈልግ ሳይወድም ቢሆን ይከፍላል። ገንዘቡ የመንግሥት ይሆናል፤ የሰነዱ መጽናት ግን ለከፋዩ ነው።

«አሹራ» የሚለውም ቃል በኔ ግምት ዐረቦች አንድ አሥረኛውን «ዑሽር» ከሚሉት የመጣ ነው፤ ከኛ «አሥራት» ጋር ወንድማማች መሆኑ ነው። ስሙ ያንን ይምሰል እንጂ የሚከፈለው አሥር እጅ አይደለም። በአዲስ አበባ ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት የኖረው አሹራው 4 በመቶ፣ ቴምብሩ 2 በመቶ ነው። በሌሎች ከተሞች ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስከፍለው የስም ማዛወሪያ እንደየክልሉ ደንብ ነውና ገዢ ከመዋዋሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ሕጉ በደንብ የተደላደለው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ነው። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ተናገረ። ሦስተኛ ወገን ማለት የሻጭ ልጅ ነው፣ ገንዘብ ያበደረ ባንክ ነው፣ ሻጭ ደግሞ የሸጠለት ሌላ ገዢ ነው። እንግዲህ በሦስት ሽማግሌ ፊርማ የተገዛ ቤት በገዢና በሻጭ መካከል የእምነት ነገር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት እምነቱም አብሮ ይቀበራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ በቁጥር 1723 የተባለው ምዝገባ እንዲያው ለይስሙላ የተጻፈ አለመሆኑን አስረግጧል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኑረው ተባለ፤ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ትርፍ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ያኔ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰው ቅጽ ለመሙላት ተሰልፎ አስታውሳለሁ። ስሙ በመዝገብ ያለ ሰው «ይቺ መኖሪያዬ ናት» ብሎ ያሳያል። ወረቀት የሌለው ግን ምስክር ፍለጋ ይንከራተታል። በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ማዘጋጃ ቤት እየሄድን ስንከፍል የኖርነው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ዘመን የቀረልን አንድ ነገር ዛሬም ሰው ያሳስታል። የቀበሌ ቤት የተከራዩ ሰዎች «ቁልፍ እንሽጥ» ይላሉ። ወገኖቼ፣ የቀበሌ ቤት የተከራዩ አይደለም፤ የራሱ ያልሆነውን ነገር የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው አየር ነው። ለዚህ ሽያጭ ቴምብር የሚለጥፍ መሥሪያ ቤትም የለም። የጨረቃ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ካርታ የሌለውን ቤት በምን ስም ታዞሩታላችሁ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑን ደነገገ። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት ግን የራሱ ነው፤ መሸጥም ማውረስም ይችላል። ስለዚህ እኛ «ቦታ ገዛሁ» እያልን ብንናገርም በሕግ የምንገዛው ቤቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ አደረገ። ይህን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ኋላ የሊዝ ክፍያ ሲመጣባቸው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላሉ። የቤቱን ዋጋ ስትነጋገሩ ይህም በሒሳብ ይግባ።

የቴምብሩ ቀረጥ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተወሰነው በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ነው። በዚህ አዋጅ የንብረት ባለቤትነት ሲመዘገብ ከዋጋው 2 በመቶ ይከፈላል፤ ከፋዩም ንብረቱ በስሙ የሚዞርለት፣ ማለትም ገዢው ነው። በምሳሌ እንየው። ቤቱ 800 ሺህ ብር ከተሸጠ 2 በመቶው 16 ሺህ ብር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስከፍለው ስም ማዛወሪያ በዚህ ላይ ይጨመራል። አዋጁ ቀረጡ ያልተከፈለበትን ሰነድ፣ ቀረጡ እስኪከፈልበት ድረስ በማስረጃነት እንዳይቀርብ ይከለክላል። በመዝገብ ቤት ሥራዬ ይህን ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው ከዓመታት በኋላ ውሉን ይዞ ይመጣና መጀመሪያ ያልከፈለውን ከነቅጣቱ ይጠየቃል።

ስለ ሻጩም አንድ ቃል ልጨምር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለንግድ ሥራ የተያዘ ሕንፃ ሲሸጥ ከትርፉ ላይ 15 በመቶ እንዲከፈል አድርጎ መኖሪያ ቤትን ነጻ ተወ። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ሲተካም 15 በመቶው ቀጠለ። ይህ ሕግ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ሻጭ የሆነ ሁሉ የዛሬውን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ይረዳ። በዚያው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አዋጅ ቁጥር 1365 የንብረት ታክስን አቋቋመ። ይህ በየዓመቱ የሚከፈል እንጂ ቤት ሲገዛ የሚከፈል አይደለም። አንዳንድ ደላላ «አዲሱ ታክስ ሳይመጣብህ ቶሎ ግዛ» እያለ ሰውን ያጣድፋልና ልዩነቱን እወቁ።

እንግዲህ ከሰው በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1986 ዓ.ም. ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት በ4,500 ብር ገዛሁ። ቀን ሙሉ የሰው ሰነድ መዝገብ የማስገባ ሰው የራሴን በመንደር ውል ጨረስኩት። ለምን? ጥቂት መቶ ብር ለማዳን ነው። «ሻጩ ወዳጄ ነው፣ የት ይሄዳል?» አልኩ። ሻጩ በ1997 ዓ.ም. ሞተ። ልጆቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ውሉን አመኑልኝ፣ አንደኛው «አባቴ ለኔ አልነገረኝም» አለ። አልፈርድበትም፤ ስሙ የአባቱ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ የመንደር ነው። በሽማግሌ አራት ዓመት ተመላለስንና በመጨረሻ ለልጆቹ ገንዘብ ጨምሬ፣ ቴምብሩንም ከፍዬ ስሙን አዞርኩ። ሁሉንም ስደምረው ከ7 ሺህ ብር በላይ አወጣሁ። ቤቱን ሁለት ጊዜ ገዛሁት ማለት ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ጸሐፊው ባሌ» እያለች ትስቅብኛለች።

ሌላው በሽታ ዋጋ ማሳነስ ነው። ሰው በ800 ሺህ የገዛውን ቤት ውሉ ላይ 300 ሺህ ብሎ ያስጽፋል። ምን ያተርፋል? ከ2 በመቶው 10 ሺህ ብር ያተርፋል። ምን ይከስራል? ሽያጩ በአንድ ምክንያት ቢፈርስ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ሲል በእጁ ያለው ጽሑፍ 300 ሺህ ነው የሚለው። ቀሪውን 500 ሺህ በምን ያስረዳል? ደግሞም ማዘጋጃ ቤት ገማች ልኮ ቤቱን ሲያስገምት ውሸቱ ይወጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? በሐሰት የተጻፈም እንዲሁ ነው፤ ለልጅ የሚወረሰው ሐሰቱ ነው።

ይህ ሁሉ ለኛ ለቦንጋ ሰዎች ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ያስፈልገናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሞ ከተማችን ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። መሥሪያ ቤትና ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ፈላጊ ይበዛል። ፈላጊ ሲበዛ ድሮ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን የአባት ቤት «የኔ ነው» የሚል ይነሣል። ዋጋ በሌለው ጊዜ የመንደር ውል ይበቃ ነበር፤ ዋጋ ሲመጣ ግን ዘመድ ከዘመድ ይካሰሳል።

ስለዚህ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ይህን አድርጉ። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታውን ዋናውን እዩ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ በባንክ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መሆን አለመሆኑን ከመዝገቡ አስመርምሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስት ወይም ባል ይፈርሙ። የዓመት ግብሩ ያልተከፈለ እንዳለ ጠይቁ፤ ውዝፉን ማን እንደሚከፍል በውሉ ጻፉ። ቴምብሩንና ስም ማዛወሪያውን ከዋጋው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ገንዘቡ አልቆ «ስሙን ኋላ አዞረዋለሁ» የሚባለው ኋላ አይመጣም። ከከፈላችሁ በኋላ ደረሰኙን እንደ አባቶቻችን ጠብቁት፣ ከጣሪያ ሥር ግን አይሁን።

ለእድራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ወረቀት የሚያነቡ ሁለት ሦስት አባላት ይመረጡ፤ ማንበብ የሚቸግራቸው አባላት፣ በተለይም እናቶች፣ የቤታቸውን ሰነድ እያመጡ ያስነብቡ። ስሙ ያልዞረ ካለ ሻጩ በሕይወት ሳለ ይዙር። ሻጭና ገዢ ሁለቱም የእድራችን አባላት ከሆኑ ደግሞ እድሩ አስታራቂ ሆኖ ጊዜ ሳይሰጥ ያስጨርሳቸው። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ የለም፣ የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

የሴትዮዋ ነገር ምን ሆነ ብትሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሻጩ ልጆች ደጎች ናቸው። ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት አረጋግጠው፣ ውሉን ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ፊት አጽንተውላቸዋል። ቀረጡን ልጃቸው ከፈለ። ይህን ስጽፍ ካርታው በስማቸው እስኪወጣ እየጠበቁ ነው። ባለፈው ሳምንት በመንገድ ቢያገኙኝ «ጋሼ፣ አሁንስ ቤቱ የማነው?» አሉኝ እየሣቁ። «ካርታው ሲወጣ የእርስዎ ነው እትዬ፤ ሲወጣ ደግሞ ቡና ያጠጡኛል» አልኳቸው።

የሁላችንንም ቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልን። ለከርሞም በጤና ያገናኘን።